ያየኸውን ለማን ነገርክ?

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። በአእምሮ ጤና ነርስነት ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ያደግኩት ግን ደብረ ማርቆስ ነው። ዛሬ የማወራችሁ እዚያ፣ በ10 ዓመቴ ስላየሁት አንድ ፊልም ነው።

ጊዜው 1984 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላውም። ቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። የእኛ ሰፈሩ የጭቃ ቤት ነው። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። ውስጡ አግዳሚ ተደርድሯል፤ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። መግቢያው 50 ሳንቲም፣ መሬት ለሚቀመጥ ልጅ ደግሞ 25 ሳንቲም ነበር። ካሴቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ በደጀን በኩል። «አዲስ ካሴት ገባ» የሚለው ወሬ ከተሳፋሪው ቀድሞ ሰፈራችን ይደርስ ነበር።

በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፍበታል፦ የህንድ፣ የካራቴ፣ የጦርነት። አንዳንድ ቀን «ለአዋቂ ብቻ» ይላል። እንዲህ የተባለ ቀን ደጁ በልጅ ይጥለቀለቃል። ማንም ዕድሜያችንን አይጠይቅም። እንግሊዝ አገር በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ለሽያጭና ለኪራይ የሚቀርብ የፊልም ካሴት ለስንት ዓመት ሰው እንደሚሆን ተለይቶ እንዲጻፍበት ያዝዝ ነበር። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ግን የቅጂ ቅጂ ነው፤ ሽፋን የለውም። ቁጥሩ የቀረው ሽፋኑ ላይ ነው።

በዚያ ዕድሜ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ አናውቅም። «አክተሩ አይሞትም» እንል ነበር። አክተር ማለት ለእኛ ጀግናው ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን በእውነት የሚሞቱ ይመስለን ነበር። አንድ ትልቅ ልጅ ነገሩን አስረድቶን ነበር፦ ፊልም ላይ የሚገደሉት ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች ናቸው አለ። አመንነው። እኔ ማታ ማታ እነዚያ ሰዎች ምን አጥፍተው ይሆን፣ ልጆች ይኖሯቸው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ከሳምንት በኋላ አንዱን ሟች በሌላ ፊልም በሕይወት ሲሄድ አየሁት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጓደኞቼ ግን «ወንድሙ ነው» ብለው ተከራከሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ሄደ። ያኔ 5 ዓመቴ ነው። ፊቱን ረስቼዋለሁ። ትዝ የሚለኝ ትከሻው ላይ ተቀምጬ ጥምቀት ማየቴ ብቻ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። እናቴ የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ከሁላችንም ቀድማ ትነሳ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ የጦርነት ፊልም ገባሁ። የየት አገር እንደነበር አላውቅም፤ ቋንቋውም አልገባኝም። መሐል ላይ አንድ ወጣት ወታደር ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሆዱን ይዞ ይጣራል። የሚደርስለት የለም። ካሜራው ፊቱ ላይ ቆየ፤ በጣም ቆየ። እኔም ፊቱን ሳየው አጎቴ ነው አልኩ። በቃ፣ አጎቴ የሞተው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። በጨለማ ብቻዬን ቤቴ ገባሁ። እናቴ እራት አቀረበችልኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እየጮህኩ እነቃለሁ። ፍራሼን አረጥባለሁ። ጠበል ወሰዱኝ፤ ሰባት ቀን ተጠመቅኩ። «ልጁ ደንግጧል» ተባለ። ምን እንዳስደነገጠኝ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። እንዴት ልናገር? አባቴ ቪዲዮ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ነበር የሚለው። አባባሉ የእሱ ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎት እንደነበር ታሪክ ጽፎታል። አባቴ ያለው ሊጠብቀኝ ፈልጎ ነው። ነገር ግን ሰይጣን ቤት ገብቼ ነበር ብሎ የሚናገር ልጅ የት ይገኛል? ቅጣቱ በርበሬ መታጠን ነበር። ከቅጣቱ ይልቅ የከበደኝ ደግሞ እናቴ ናት። ወንድምሽ ሲሞት አየሁት ልበላት?

ወራት አለፉ። በመጨረሻ ያወጣችኝ የአባቴ እናት ናት። እታታ ነበር የምንላት። አንድ ሌሊት ጮኼ ስነሳ ወደ አልጋዋ ወሰደችኝ፤ ጋቢዋን አለበሰችኝ። «ለምን ገባህ» አላለችም። «ምን አየህ?» አለችኝ። ነገርኳት። ከጭቃው ጀምሮ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «ያ የሌላ እናት ልጅ ነው» አለችና አቀፈችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት አብሬያት ተኛሁ። ጩኸቱ እየራቀ ሄደ፤ ቀረም።

እታታ ራሷ ተረት ስትነግረን የዋዛ ተረት አልነበረም። ጅብ አህያዋን ዘነጣጥሎ ይበላል። የእንጀራ እናት ልጁን ገደል ትጨምራለች። ዛሬ አንዱን ተረት ፊልም ቢያደርጉት ለልጅ አይፈቀድም ነበር። እኛ ግን ሰምተን እንቅልፋችንን እንለጥጥ ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ተረቱ በ«ተረት ተረት» ይጀምራል፤ እኛም «የላም በረት» እንላለን። እንግዲህ ወደ ተረት አገር መግባታችንን አወቅን ማለት ነው። ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች፤ ወጣን። ሁሉም ነገር ሲሆን እሳት ዳር ነን፣ ጉልበቷን ተደግፈን። ስንፈራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ፊታችንን እያየች ነዋ የምትነግረን። ቴሌቪዥኑ ፊቴን አያይም። መፍራቴንም አያውቅም።

በ1999 እ.ኤ.አ. ክሪስተን ሃሪሰንና ጆአን ካንተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከ150 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ከ10ሩ 9ኙ በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው አይተው የደነገጡበትን ነገር አስታወሱ። ከአራቱ አንዱ ያህል ፍርሃቱ እስከዚያው ቀን አልለቀቀውም። ጽሑፉን ሳነብ ደብረ ማርቆስ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ገባኝ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እናንተ ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እህት ስለሆናችሁ ነው። ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ በእጃችሁ ነው፤ አጠገባችሁ አንገቱን አስግጎ የሚያይ ትንሽ ልጅ አለ። ደግሞ እናንተ የሚደርሳችሁ ፊልም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልሰጋም ነበር። በቴሌግራም የሚላክላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ድንገት የሚመጣባችሁ እውነተኛ ሰው በእውነት ሲሞት ነው። የእኔ ሟች በሳምንቱ ተነስቶ ሄዷል። ይሄኛው አይነሳም። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ እንዲህ ያለውን አትላኩ። «ተመልከት» ብላችሁ ለታናሻችሁ አታሳዩ። የሞተውም ሰው ቤት አለው፤ እናት አለው።

አይቶ ከሆነስ? መጀመሪያ አትቆጡት። «ማን እይ አለህ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ በሩ ተዘጋ። «ምን አየህ? የቱ ጋ ፈራህ?» በሉት። መልሱ ያስገርማችኋል። እናንተ ደሙ ነው ብላችሁ ስታስቡ እሱ ውሻው ብቻውን መቅረቱ ነው ያስጨነቀው።

ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ «ውሸት እኮ ነው» ስላላችሁት አይረጋጋም። እሱን የሚያስፈራው መልክ ነው፤ ጥርሱ፣ ዓይኑ፣ ድምፁ። መብራት አብሩለት፣ እቀፉት፣ አብራችሁት ተኙ። ከፍ ያለውን ልጅ ግን ማስረዳት ይጠቅመዋል። ደሙ ቀለም መሆኑን፣ ተዋናዩ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ መግባቱን ንገሩት። ከተቻለም ፊልም ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳዩት። እሱ የሚፈራው ሊሆን የሚችለውን ነገር ነው፦ ሌባ፣ ጦርነት፣ የእናት ሞት። ያየው እውነተኛ ነገር ከሆነ ደግሞ ውሸት ነው ብላችሁ አትሸንግሉት። እውነት መሆኑን ንገሩትና አብራችሁት ሁኑ።

ስለ ሌሊቱም አንድ ነገር ልበል፤ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ነው። ልጁ እንደተኛ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ዓይኑን አፍጥጦ ከጮኸ፣ ስትጠሩትም ካልሰማ፣ ቀስቅሳችሁ አታስጨንቁት። እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት። ጠዋት አያስታውሰውም። ወደ ንጋቱ፣ ዶሮ ሲጮህ ገደማ ነቅቶ ሕልሙን የሚያስታውሰው ግን ሊያወራ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ስሙት። ፍርሃቱ ከወር ካለፈ፣ ወይም ልጁ ትምህርትና ጨዋታ ከጠላ፣ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ጠበሉንም ውሰዱት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ብቻ ሳትጠይቁት አትውሰዱት።

ከእናንተም መሐል ያየውን ለማንም ሳይነግር የቆየ እንዳለ አውቃለሁ። ትንሽ ነገር ነው አትበሉ። አንድ የምታምኑት ሰው ፈልጉና ንገሩ። ዓመታት ቢያልፉም ግድ የለም። እኔ ለእናቴ የነገርኳት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከ19 ዓመት በኋላ። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ቡና አፍልታ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቴሌቪዥኑ ላይ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ጫጫታ የማትወድ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ገባኝ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁትና ጠራኋት። ስለ ቪዲዮ ቤቱ፣ ጭቃ ውስጥ ስለወደቀው ወታደር፣ አጎቴ ነው ብዬ ስለማመኔ ነገርኳት።

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ተነስታ ሳጥኗን ከፈተች። ከልብሶቿ ሥር፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣች። ማየቱ ስለሚከብዳት ደብቃው ኖሯል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼው አላውቅም ነበር። ተቀበልኳትና ወደ መስኮቱ ተጠግቼ አየሁት። ፊልሙ ላይ ካየሁት ወታደር ጋር ምንም አይመሳሰሉም። አጎቴ ጥርሰ ፍንጭት ነበር። ይስቃል።