ካንሰር ልብ ላይ ሲደርስ ኦፕራሲዮን አለው? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ታካሚ ናቸው። አሁን ደግሞ «ልባቸው ውሃ ቋጥሯል» ተባልን። ለምን ዕጢውን ቆርጠው አያወጡላቸውም? (ከደሴ)

መልስ፦ ውሃው የቋጠረው ልብ ውስጥ ሳይሆን ልብን በከበበው ከረጢት ውስጥ ነው። ከሌላ አካል የተነሣ ካንሰር ወደ ልብ ሲዛመት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ይህንኑ ሽፋን ነው። የሳንባና የጡት ካንሰር በዚህ ይታወቃሉ። ሽፋኑ ላይ ተበታትኖ ስለሚገኝ ቆርጠው የሚጨርሱት አይደለም። የሚቀድመው ውሃውን ማውጣት ነው፤ ልብን ተጭኖ ደም እንዳይሞላ ያደርገዋልና። ሐኪሙ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) እያየ መርፌ ያስገባና ቀጭን ቱቦ ያስቀምጣል። ብዙ ከሆነ ባንዴ አይቀዳም፤ ጫናው በድንገት ሲነሣ ልብ ሊደክም ስለሚችል መጀመሪያ ከአንድ ሊትር አይበልጥም፣ ቀሪው ቀስ እያለ ይወርዳል። ቱቦው የሚነቀለው በ24 ሰዓት የሚወጣው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው። ቶሎ ከተነቀለ መልሶ ይሞላል። ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ (የካንሰር ሴል ወደሚታይበት ላቦራቶሪ) መላኩን ጠይቁ። እኛ አገር ቲቢም እንዲህ ያለ ውሃ ያመጣል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ ውሃ ሁለት ጊዜ ተቀድቶ ተመለሰ። «መስኮት ይከፈት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር በትንሹ ተቀዶ ሽፋኑ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ የተቆረጠው ቁራጭም ይመረመራል። አስጊው ማደንዘዣው ነው። በውሃ የተጫነ ልብ ያለውን ሰው ሙሉ በሙሉ ሲያስተኙት የደም ግፊቱ ባንዴ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በመርፌ ማጉደል ወይም ቦታውን ብቻ ማደንዘዝ ይመረጣል። መስኮቱ ትንፋሽ ይመልሳል እንጂ ካንሰሩን አያክምም።

ጥያቄ፦ የወንድሜ የኩላሊት ካንሰር ልብ ደርሷል ተባለ። አበቃ ማለት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የግድ አይደለም። የኩላሊት ዕጢ በትልቁ የደም መልስ ሥር ውስጥ እንደ ጅራት እየረዘመ ቀኝ የልብ ክፍል ሊገባ ይችላል። ሌላ ቦታ ካልተዛመተ ኩላሊቱንና ጅራቱን አብሮ ማውጣት ይቻላል። ኦፕራሲዮኑ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካ ማሽን ይጠይቃል፣ የኩላሊትና የልብ ቀዶ ሐኪሞች አብረው ይገባሉ። የሚፈሩት ደም መፍሰስና ቁራጭ ተበጥሶ ሳንባን መዝጋቱ ነው። ሪፈር ስትሄዱ የሲቲ ስካኑን ሲዲ ያዙ፤ ወረቀቱ ብቻ ጫፉ የት እንደደረሰ አያሳይም። ጅራቱ ስለሚያድግም የቆየ ምስል አይበቃም።

ጥያቄ፦ ደሴ ብርድና ከፍታ ነው። ልባቸው ውሃ የቋጠረባቸውን ታማሚያችንን የሐረጎን ዳገት አሻግረን ኮምቦልቻ ብናስቀምጣቸው፣ ላሲክስም (ሽንት የሚያሸና መድኃኒት) ብንጨምርላቸው?

መልስ፦ አየሩ ጥቂት ቢቀላቸውም ውሃው አይጎድልም። ላሲክሱን ግን በራሳችሁ አትጨምሩ፤ ወደተጫነው ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንስና ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። መተኛት ካቃታቸው፣ የአንገታቸው ደም ሥር ከተገተረና እጃቸው ከቀዘቀዘ ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።