ሙስሊሞች ስለ ኢየሱስ ምን ያምናሉ?

ጥያቄ፦ ደሴ ነው ያደግኩት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አክስቴ ሙስሊም ናት። «እኛም ኢየሱስን እንወዳለን» ትለኛለች። ታዲያ ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አክስትሽ እውነቷን ነው። የቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ በማርያም ስም የተሰየመ ነው፤ ኢሳ (ሙስሊሞች ኢየሱስን የሚጠሩበት ስም) ያለ አባት ከድንግል እንደተወለደ፣ ገና ጨቅላ ሳለም እንደተናገረ ይተርካል። ሙስሊሞች መሲሕ ይሉታል፣ ተመልሶ ይመጣል ብለውም ያምናሉ። ለክርስቲያን ግን ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ፣ ራሱም አምላክ ነው። ለሙስሊም ታላቅ ነቢይ ነው፤ አላህ አይወልድም፣ አይወለድም።

ትልቁ ልዩነት ስቅለቱ ላይ ነው። ቁርኣን 4፥157 አልገደሉትም፣ አልሰቀሉትም ይላል፤ ክርስቲያኑ ደግሞ የዳንኩት በዚያ ሞትና በትንሣኤው ነው ብሎ ስለሚያምን ያ ከቀረ ፋሲካም የለውም። ይህን ሸፋፍኖ «ሁሉም አንድ ነው» ማለት ለእኔ ሁለቱንም አለማክበር ነው። አክስትሽን ስለ ማርያም ጠይቂያት፣ ደስ ብሏት ታጫውትሻለች።