ቾኩ አልከፈት ሲል

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነው የምኖረው፣ ባለ ካርቡሬተር የቤንዚን ጀልባ አለኝ። ጠዋት ደህና ይነሳል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳልሰጠው ዝም ብሎ ሲሠራ) ሊጠፋ ይላል። ኤሌክትሪክ ቾኩ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም እሱን ነው የምጠረጥረው። ቾኩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን አፍኖ ቤንዚኑን ያበዛል፤ በኤሌክትሪክ ሲሞቅ ግን መከፈት አለበት። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ግን የሞተር ክፍሉን ማራገቢያ ቢያንስ 4 ደቂቃ አስነሳው፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፣ እባክህ ይህችን አትዝለል።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የቾኩን ሽቦ በቴስተር ለካ። ወደ 12 ቮልት ወይም ትንሽ በላይ ካላገኘህ ፊውዙንና ሽቦውን እይ። ለቾኩ ከኢግኒሽን ኮይሉ መስመር አትስብ፤ ሁለቱም ይዳከማሉ። ኤሌክትሪኩ እየደረሰው፣ ማሳውም (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት የኔጌቲቭ መስመር) ደህና ሆኖ፣ የቾኩ ክብ ክዳን ከደቂቃዎች በኋላም ካልሞቀ የውስጡ ማሞቂያ ተቃጥሏል፣ ቀይረው።

እየሞቀ ዘግይቶ የሚከፈት ከሆነ ማስተካከል ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ የክዳኑን የቀድሞ ቦታ በማርከር ምልክት አድርግበት፣ ሦስቱን ብሎኖች አላላና ቤንዚን ወደሚቀንሰው አቅጣጫ ጠርዙ ላይ ካሉት የምልክት መስመሮች አንዲት ብቻ አዙር። አጥብቀህ በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሞክረው።