የኋላ ቸርኬህን ከመቀየርህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ከኋላ 9 ማርሽ ያለው፣ ሺማኖ ሶራ የሚባለው የማርሽ ዕቃ የተገጠመለት ያገለገለ ኮርስ ብስክሌት ገዝተሃል። ፍሬኑ ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚጨብጠው ዓይነት ነው። ክብደትህ 78 ኪሎ ነው፤ የምትነዳው አዲስ አበባ ውስጥና በሱሉልታ መስመር ነው። የኋላው ስፖክ እየተበጠሰ አስቸግሮሃል። እህትህ ከዱባይ ስለምትመጣ ርካሽ ጥንድ ቸርኬ ላስመጣ ወይስ ትንሽ ጨምሬ ካርቦን ይሻላል ነው ያልከው። ይኸው ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች ስላሉ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ነገር፣ ጥንድ አትግዛ። ያስቸገረህ የኋላው ብቻ ነው። የፊተኛው የሚሸከመው ክብደት ያነሰ ነው፤ ስፖኮቹም ግራና ቀኝ እኩል ተወጥረዋል። የኋላው ግን በቀኝ በኩል ለካሴቱ፣ ማለትም ለተደራረቡት የማርሽ ጥርሶች፣ ቦታ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ የቀኝ ስፖኮች በኃይል ይወጠራሉ፣ የግራዎቹ ይላላሉ። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስፖክ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው አንድ ጉድጓድ ስለመታው አይደለም። ቸርኬው በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ስፖክ ትንሽ ይላላል፣ መልሶ ይወጠራል። መጀመሪያውኑ በደንብ ካልተወጠረ ይሄ መላላትና መወጠር ይበዛበታል፤ ብረቱ ይደክማል። በመጨረሻ ሞዞው ላይ (ስፖኮቹ የሚነሱበት የቸርኬው መሃል) የሚታጠፍበት ቦታ ይቆረጣል። አንዱ ሲበጠስ የቀሩትም እንደሱ የደከሙ ናቸው። ለዚህ ነው ዛሬ አንዱን አስቀይረህ በሳምንቱ ሌላው የሚሄደው። ሦስት አራት ከተበጠሰ በኋላ አንድ በአንድ ማስቀየር ብር መጣል ነው።

እንግዲህ ከሁሉ ርካሹ መንገድ አዲስ ቸርኬ ላይሆን ይችላል። ቸርኬው ራሱ፣ ማለትም የውጭው ክብ፣ እና ሞዞው ደህና ከሆኑ ስፖኩን በሙሉ በአዲስ አስቀይረህ ያንኑ ማስገጣጠም ነው። ደህና መሆናቸውን ራስህ ማየት ትችላለህ። ፍሬኑ የሚነካውን የቸርኬ ጎን በጨርቅ ጥረግና የብረት ማስመሪያ በቁሙ አስደግፍበት። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ካየህ ጎኑ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ እሱ ቸርኬ አልቋል። በእኛ አቧራና በክረምቱ ጭቃ ፍሬን እንደ ሞረድ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ይሄን አትናቅ። የሳሳ ቸርኬ ጎማው እንደተነፋ ሊፈነዳ ይችላል። ቀጥሎ ስፖኮቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ተመልከት። ከቀዳዳው የሚነሳ ቀጭን ስንጥቅ ካለ በቃ። ሞዞውን ደግሞ ፐርኖውን፣ ማለትም በመሃሉ የሚያልፈውን ዘንግ፣ በጣትህ አዙረህ ሞክረው። ከጎረበጠህ ኩሽኔታው አሸዋ ገብቶበታል ወይም ተበልቷል። ሺማኖ ሞዞ ተፈቶ ታጥቦ ግራሶ ስለሚገባለት፣ ገና ካልተበላ ይድናል።

ቸርኬው አልቆ ከሆነ ወደ ግዢው እንሂድ። ከመግዛትህ በፊት ልክ ውሰድ። ቸርኬውን አውጣና ፍሬሙ ፐርኖውን በሚይዝባቸው ሁለት ጫፎች መሃል፣ ከውስጥ ወደ ውስጥ ለካ። እንደ አንተ ዓይነቱ ላይ 130 ሚሊ መሆን አለበት። የዲስክ ፍሬን ቸርኬዎች 135 ወይም 142 ሚሊ ናቸው፤ በምንም ተዓምር አይሆኑህም፣ ፍሬን የሚይዘው ጎንም የላቸውም። የአሉሚኒየም ፍሬም ትንሽ ከፈት አድርገን እናስገባው የሚልህን ሰው አትስማ።

ማርሹ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። ላንተ የሚሆነው የሺማኖ ካሴት የሚቀበል ሞዞ ነው። ለ8፣ ለ9 ወይም ለ10 ማርሽ የተሠራ በቀጥታ ይገጥምልሃል። ለ11 ማርሽ የተሠራም አያስፈራህ፤ ከካሴቱ ጀርባ 1.85 ሚሊ የሆነ ቀለበት ይገባና ይስተካከላል። ብቻ ቀለበቱ አብሮ መኖሩን እህትህ ሱቁ ውስጥ ታረጋግጥ። ያለሱ ካሴቱ ይንቀጠቀጣል። በጣም ርካሽ የሆኑት፣ ማርሹ ሞዞው ላይ እንደ ብሎን የሚጠብቅባቸው ግን ይቅሩብህ። የአንተን ካሴት አይቀበሉም፣ ፐርኖአቸውም ቶሎ ይጣመማል።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። እኔ ለዚህ ከተማ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ 32 ስፖክ፣ ተራ ክብ ስፖክ፣ ጫፉ የታጠፈ፣ የነሐስ ኒፕል (ስፖኩን ቸርኬው ላይ የሚያጠብቀው ትንሽ ዳዶ) ያለው። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት አያምርም። 20 እና 24 ስፖክ ያላቸው፣ ስፖካቸው ጠፍጣፋ የሆኑት የበለጠ ዓይን ይስባሉ። ነገር ግን ከ24 አንዱ ሲበጠስ ቸርኬው ወዲያው ተወላግዶ ፍሬኑን ይነካል፤ ከሱሉልታ በእግርህ ትመለሳለህ። ከ32 አንዱ ሲበጠስ ፍሬኑን ላላ አድርገህ ቤትህ ትገባለህ። ደግሞም ጠፍጣፋውን ስፖክ በልኩ እዚህ ፈልገህ ማግኘት ጭንቅ ነው። እኔ ለዓመታት የነዳሁት 32 ስፖክ ላይ ነው፤ ኮብልስቶኑንም ቁልቁለቱንም ችሎታል።

ስም ከፈለግህ የሺማኖ ቲያግራ ወይም 105 ሞዞ ባለ 32 ቀዳዳ፣ ቸርኬው ዲቲ ስዊስ አር460 ወይም ማቪክ ኦፕን ፕሮ ቢሆን ደስ ይለኛል። ስፖኩ መሃሉ ቀጠን ያለው፣ ከ2 ሚሊ ወደ 1.8 የሚወርደው ቢሆን ይመረጣል። የሚቀጥን ነገር የሚደክም ይመስላል፣ ግን ተቃራኒው ነው። መሃሉ ስለሚለጠጥ ጫና ከመታጠፊያው ላይ ይቀንስለታል።

ክብደቱስ ትለኝ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱ ጥንድ 1,900 ግራም አካባቢ ቢመዝን፣ ውዱ 1,500 ይሆናል። ልዩነቱ 400 ግራም ነው። አንተና ብስክሌትህ አንድ ላይ 88 ኪሎ ብትሆኑ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ ሲሰላ 8 ሰከንድ ገደማ ነው። ለውድድር የሚዘጋጅ ልጅ 8 ሰከንድ ይፈልጋታል። አንተ ግን ከሥራ በፊት ለጤናህ የምትነዳ ሰው ነህ።

ስለ ካርቦን አቋሜ ግልጽ ነው፤ ለአንተ አይሆንም። ከእንጦጦ ስትወርድ ፍሬን ይዘህ ነው የምትወርደው። ሙቀቱ ሁሉ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። አሉሚኒየም ሙቀቱን ይበትነዋል። ርካሽ ካርቦን ግን ማጣበቂያው ሊለሰልስና ጎኑ ሊያብጥ ይችላል። የራሱን ፍሬን ላስቲክ ይፈልጋል፣ በዝናብም አያያዙ ደካማ ነው። ቢሰነጠቅ ደግሞ ማን ያክምልሃል?

ከዱባይ ማምጣቱን በተመለከተ፣ ቸርኬው ያለ ጎማ ዳር እስከ ዳር 64 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የኋላው ብቻውን ሲሆን 66 በ66 በ16 የሆነ ካርቶን ይበቃዋል። ተደምሮ 148 ሴንቲ ይመጣል፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከሚፈቅዱት 158 በታች ነው። ሁለቱን የፐርኖ ጫፎች በወፍራም ካርቶን ትሸፍንልህ። አብሮ ደግሞ መለዋወጫ ስፖክ ታስመጣለህ፣ ከቀኙ አራት፣ ከግራው አራት። ርዝመታቸው በ1 ወይም 2 ሚሊ ስለሚለያይ በሁለት ላስቲክ ለይታ ትሰር፤ ተቀላቅለው ከመጡ መካኒኩ ሲለካ ነው የሚውለው።

ሲደርስህ ጎማ ከማስገባትህ በፊት ስፖኮቹን በጣትህ እንደ ክራር ክር ምታቸው። የቀኞቹ እርስ በርስ፣ የግራዎቹም እርስ በርስ ተቀራራቢ ድምፅ ማሰማት አለባቸው። አንዱ ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ ላልቷል፤ ሳትነዳው ቸርኬ ማቅናት ወደሚችል መካኒክ ውሰደው። ከጥቂት ሳምንት በኋላም አንዴ ይይልህ፣ አዲስ ስፖክ ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላልና።

ፍሬምህና ፍሬንህ 28 ሚሊ ስፋት ያለው ጎማ የሚያስገቡ ከሆነ እሱን አስገባበት፣ 120 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ድረስ መንፋቱንም ተው። በአንተ ክብደት 80 ፒኤስአይ አካባቢ ይበቃል፤ ለስፖኮቹም እረፍት ነው።

የማስመሪያውን ፎቶ፣ የ130 ሚሊውን ልክ እና የካሴትህን ጀርባ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን። ቸርኬው ገና ደህና ከሆነ እህትህ የምታመጣልህ ስፖክና ኒፕል ብቻ ይሆናል።