ለሀሞክ የሚሆን ቀላል ጨርቅ፦ ከስሙ በፊት ሚዛኑን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ክብደትህ 85 ኪሎ ነው፤ በጀርባ ቦርሳ የምትይዘውን ሀሞክ፣ ማለትም በሁለት ዛፎች መካከል የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ፣ ራስህ ልትሰፋ አስበሃል። ሦስት ነገር ጠይቀሃል። ባለ 30 ዲኒየር ናይለን ይሻላል ወይስ ባለ 70? ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ብጠቀምስ? ነጠላ ይሁን ወይስ ድርብ? ለራሴም ለጓደኞቼም ሀሞክ ስሰፋ ቆይቻለሁ፣ በሰፋሁት ላይም ተኝቼ አድሬአለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ከዲኒየር እንጀምር። ዲኒየር የሚነግርህ ስለ ክሩ ነው እንጂ ስለ ጨርቁ አይደለም። 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር 30 ግራም ከመዘነ 30 ዲኒየር ይባላል። ያው ክር ጠበቅ ተደርጎ ሲሸመንና ላላ ተደርጎ ሲሸመን ግን ሁለት የተለያየ ጨርቅ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሻጩን "በካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው?" ብለህ ጠይቀው። ካላወቀ ራስህ መዝነው፤ ከባድ ነገር አይደለም። ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነው ጨርቅ 1 ሜትር አስቆርጥ። አጣጥፈህ የኩሽና ሚዛን ላይ አድርገው። 80 ግራም ካለ ለ1.5 አካፍለው፤ 53 ግራም በካሬ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው።

አሁን ይህን ወደ ሀሞክ እናምጣው። ለአዋቂ ሰው 3.3 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ወርድ ጥሩ ልክ ነው፤ ወደ 5 ካሬ ሜትር ጨርቅ ይሆናል። ጨርቁ በካሬ ሜትር 37 ግራም ከሆነ ሀሞኩ 185 ግራም ይመዝናል። 54 ከሆነ 270፣ 65 ከሆነ 325 ግራም። 200 ግራም የሆነ የጥጥ ጨርቅ ከወሰድክ ግን አንድ ኪሎ ሞላ ማለት ነው። ጥጥ ለሰውነት ምቹ ነው፣ ግቢ ውስጥ ለሚሰቀል ሀሞክ ደስ ይላል። ነገር ግን ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ በጀርባ ለሚያዝ አልመክረውም።

ለአንተ የምመክረው ከ50 እስከ 55 ግራም ያለውን ነው። 37 ግራም የሆነው በጣም ያጓጓል፣ አውቃለሁ። እጅህ ላይ የለም ያሰኛል። ግን የምታተርፈው 85 ግራም ብቻ ነው፤ ለዚህች ብለህ እንቅልፍህን አትሽጥ። ስስ ጨርቅ ባይቀደድ እንኳ ይለጠጣል። አንተ ስትተኛበት መሃሉ ወደታች ይሰምጣል፣ ጎንና ጎኑ ተወጥሮ ትከሻህን ያጣብቅሃል፣ ባትህ ስር ደግሞ እንደ ገመድ የጠነከረ መስመር ይሠራል። ጠዋት ጉልበቱን እያሸ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው። 37 ግራሙን በነጠላ የምሰፋው ከ70 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ነው።

ናይለን ነው ፖሊስተር የሚለውም እዚሁ ላይ ይመጣል። ናይለን ለስለስ ይላል፣ ከሰውነት ጋር ይሄዳል፣ ለክብደቱ ጠንካራ ነው። ጉድለቱ እርጥበት መጠጣቱ ነው። ማታ አስተካክለህ የሰቀልከው ናይለን ጉም ባለበት ሌሊት ረግቦ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ። ፖሊስተር ውሃ የሚጠጣው እጅግ ጥቂት ነው፣ የመለጠጥ ነገሩም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የተሰቀለበትን ቅርፅ ይዞ ያድራል። እኔ ጠንከር ያለ መኝታ ስለምወድ ፖሊስተር ይሻለኛል። የሚያቅፍህ ዓይነት ከፈለግክ ናይለን ውሰድ። ሁለቱንም ፀሐይ ይጎዳቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ አይዋል።

"የፓራሹት ጨርቅ ነው" ከተባልክ በስሙ ብቻ አትግዛ። እውነት ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናይለን ሐርን ተክቶ ፓራሹት ተሠርቶበታል። ዛሬ ግን ስስና አብረቅራቂ የሆነ ሁሉ በዚህ ስም ይሸጣል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተህ እየው። ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከታዩህ ሪፕስቶፕ ነው፤ በየተወሰነ ርቀት ወፈር ያለ ክር ገብቶበታል ማለት ነው። የዚህ ጥቅሙ እሾህ ወይም ቅርንጫፍ ቢበሳው ቀዳዳው እንዳይሮጥ ማድረጉ ነው። ክብደት ለመሸከም ብቻ ከሆነ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ተራ ናይለንም ይሆናል። ብርሃን ላይ እንደያዝከው የሳሳ ቦታ፣ የተበጠሰ ክር ካለ ፈልግ። ቀጥለህ በሁለት እጅ አጥብቀህ ሳበውና ልቀቀው። ክሮቹ ከቦታቸው ተንሸራተው መስመር ከቀረ ተወው፤ ስፌቱም ላይ እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ውሃ የማያስገባውን ለመኝታው አትጠቀም። ሲሊኮን ወይም ሌላ ቅብ ያለበት ጨርቅ የሰውነትህን ላብ አያስወጣም፤ ጀርባህ ረጥቦ ይበርድሃል። ዝናብ ከገባበት ደግሞ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ዝናብ መከላከል ከላይ የሚወጠረው ሸራ ሥራ ነው። ቅቡን ጨርቅ ለሸራው አስቀምጠው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አፍህን ጨርቁ ላይ ገጥመህ ንፋ። ትንሽም ቢሆን አየር ካለፈ ለመኝታ ይሆናል።

ድርብ ወይስ ነጠላ የሚለው ከስርህ በምን ትሞቃለህ በሚለው ይወሰናል። ሀሞክ ላይ ብርድ የሚመጣው ከታች ነው፤ ስሊፒንግ ባጉ (ውስጡ ገብተህ የምትተኛበት ከረጢት) በጀርባህ ተጨፍልቆ ሙቀት አይይዝም። ከሀሞኩ ስር የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ ካለህ ነጠላ ይበቃሃል። ስስ ፍራሽ የምትጠቀም ከሆነ ግን ድርብ አድርገው፣ ፍራሹን በሁለቱ መካከል አስገባው። ነጠላ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እየተንሸራተተ ያስቸግርሃል። ቢንቢ ባለበት ቦታም ድርብ ይሻላል፤ በነጠላ ስስ ጨርቅ አልፋ ከስር ትነክሳለች። ለድርብ ሁለት ባለ 37 ግራም ብትወስድ 370 ግራም ይሆናል፣ ለ85 ኪሎም ይሆናል። ሁለቱን በትክክል እኩል ቁረጣቸው። አንዱ ካጠረ ሸክሙን ሁሉ እሱ ብቻውን ነው የሚይዘው።

ስትቆርጥ ድሩ በሀሞኩ ርዝመት፣ ማጉ በወርዱ ይሁን። መሃል ላይ አትቀጥል። ጠርዙን ሁለቴ አጥፈህ ዘምዝመው። መርፌው አዲስና ስለታም፣ ቁጥሩ 70 ወይም 80፤ ክሩ ፖሊስተር እንጂ ጥጥ አይሁን። ስፌቱን 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርገው፤ በጣም ከደቀቀ ቀዳዳው በዝቶ ጨርቁ እዚያው ላይ ይደክማል። ጫፎቹ ላይ ሸክሙን መያዝ ያለበት የተሰበሰበው ጨርቅና የታሰረበት ገመድ ነው፤ ስፌቱ ላይ አይደገፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አሰቃቀል። ብዙ ሰው ጨርቁን የሚወቅሰው ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ ሳለ ነው። ገመዱ ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ወርዶ ከተሰቀለ በየጎኑ የሚያርፈው ኃይል የአንተው 85 ኪሎ ነው። ቀጥ አድርገህ ወጥረኸው ወደ 10 ዲግሪ ከደረሰ ግን በየጎኑ 245 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ያን ጊዜ የትኛውም ስስ ጨርቅ ይጨነቃል። ላላ አድርገህ ስቀል፣ ስትተኛም ሰያፍ ሆነህ ተኛ፤ ጀርባህ ቀጥ ይላል።

ሰፍተህ ስትጨርስ መጀመሪያ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ፣ ለስላሳ ሣር ላይ ሞክረው። ቀስ ብለህ ተቀመጥ፣ ቀጥሎ ተኛ፣ ትንሽ ተገላበጥ። ከዚያ አውርደህ ጠርዙን ብርሃን ላይ እየው። የመርፌው ቀዳዳዎች ከተለጠጡ ጨርቁ ለክብደትህ ስስ ነው፤ ሁለተኛ ድርብ ጨምርበት። ሱቅ ያገኘኸውን ጨርቅ መዝነህ ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልን፣ ከመቁረጥህ በፊት አብረን እናየዋለን።