የሲ ፕሮግራም ዳታውን የት ነው የሚያስቀምጠው? ጥያቄና መልስ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተማሪዎች፣ ስለ ሜሞሪ የጠየቃችሁትን እነሆ። የምመልሰው 64 ቢት ሊኑክስን ይዤ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ፈንክሽን ውስጥ 3 ሚሊዮን ኢንት (ሙሉ ቁጥር) የሚይዝ አሬይ (ተርታ) ዲክሌር አደረግኩ። ኮምፓይል ይሆናል፣ ሲነሳ ግን ወዲያው ይሞታል። ራሜ እኮ 8 ጊጋባይት ነው!

ራምህ ምንም አልሆነም ወንድሜ። ፈንክሽን ውስጥ ያለ ተራ ቫሪያብል ስታክ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስታክ ፈንክሽኑ እስኪያልቅ ብቻ የሚጠቀምበት የሜሞሪ ክፍል ነው። ሊኑክስ ደግሞ ለስታክ ብዙውን ጊዜ የሚፈቅደው 8 ሜጋባይት ነው። አንድ ኢንት 4 ባይት ስለሆነ ያንተ አሬይ 12 ሜጋባይት ይጠይቃል። በማሎክ ከሂፕ (ራስህ ጠይቀህ ከምትወስደው የሜሞሪ ክፍል) ውሰድ፤ አድራሻውን በፖይንተር (አድራሻ በሚይዝ ቫሪያብል) ያዝ፤ ስትጨርስ በፍሪ መልስ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ታዲያ ፖይንተሩም ሂፕ ላይ ነው?

አይደለም። ፖይንተሩ ራሱ ስታክ ላይ የተቀመጠ ባለ 8 ባይት ቫሪያብል ነው። ሂፕ ላይ ያለው የሚያመለክተው ቦታ ነው። ፈንክሽኑ ሲያልቅ ፖይንተሩ ይጠፋል፣ ቦታው ግን እንደተያዘ ይቀራል። አድራሻውን ሌላ ጋ ካልያዝሽው ፍሪ ማድረግም አትችዪም። ሜሞሪ ሊክ የሚባለው ይኼው ነው። የሎካል (ፈንክሽን ውስጥ ያለ) ቫሪያብል አድራሻ ሪተርን ማድረግ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ቦታው ከፈንክሽኑ ጋር ይለቀቃልና፤ አንዳንዴ የሠራ ስለሚመስል ይሸውዳል።

ከሰኞ ገበያ፦ ለሱቃችን የዕቃ መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። «ደሴ» የሚለውን በፖይንተር ይዤ ልቀይረው ስል ሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ ሜሞሪ ነካህ የሚል ስህተት) ብሎ ቆመ። በአሬይ ሳደርገው ሠራ። ምን ጉድ ነው?

በጥቅስ ውስጥ የጻፍከው ጽሑፍ ለንባብ ብቻ የተፈቀደ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ፖይንተርህ በቀጥታ እሱን ነው የሚያሳየው። አሬይ ስታደርገው ግን የራስህ ቅጂ ይኖርሃል፣ እንደፈለግክ ቀይረው።

በአማርኛ ስለምትጽፍ ግን ባይቱን ቁጠር። በዩቲኤፍ 8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ደሴ» 6 ባይት ነው፣ ከማብቂያዋ ዜሮ ጋር 7። «ኮምቦልቻ» 16 ይሆናል። ለከተማ ስም 10 ባይት መድበህ ኮምቦልቻን ብትገለብጥበት አጠገቡ ያለውን ዳታ ይደመስስብሃል። ያኔ ስህተቱ የሚታይህ ሌላ ቦታ ነው፤ የዕቃው ዋጋ ተበላሸ ብለህ ስትለፋ ትውላለህ።

ግሎባል (ከፈንክሽን ውጭ ያሉ) እና ስታቲክ ቫሪያብሎችስ?

ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ይኖራሉ። መነሻ ዋጋ የሰጣችኋቸው ዳታ ሴግመንት ወደሚባለው የሜሞሪ ክፍል፣ ያልሰጣችኋቸው ቢኤስኤስ ወደሚባለው ይገባሉ። ቢኤስኤስ ከዜሮ ይነሳል። ሎካል ግን ካልሞላችሁት ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።

ሞክሩት፦ 10 ሚሊዮን ኢንት የሚይዝ ግሎባል አሬይ ባዶውን ዲክሌር አድርጉና «ሳይዝ» (size) በሚለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን እዩት። ቢኤስኤስ 40 ሜጋባይት ገደማ ይላል፣ ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ግን ትንሽ ነው። ዜሮ ብቻ ስለሆነ የሚጻፈው መጠኑ ነው። አሁን ዲክሌር ስታደርጉት የአሬዩን የመጀመሪያ ቁጥር መነሻ ዋጋ 1 አድርጉና እንደገና ኮምፓይል አድርጉ፤ ፋይሉ 40 ሜጋባይት ይገባል።