ስለ ሊችፊልድ የሕግ ትምህርት ቤት፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ መምህር፣ በኮነቲከት የነበረው ሊችፊልድ የአሜሪካ የመጀመሪያው የሕግ ትምህርት ቤት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ «የመጀመሪያ» ከማለትዎ በፊት የምን የመጀመሪያ እንደሆነ ይወስኑ። በኮሌጅ ውስጥ ሕግ እንዲያስተምር መምህር በመሾም በቨርጂኒያ የሚገኘው ዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ በ1779 ቀድሟል። ራሱን ችሎ ሕግ ብቻ በማስተማር ግን ሊችፊልድ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ ነበር?

መልስ፦ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። በዚያ ዘመን ጠበቃ መሆን የሚሻ ወጣት ከአንድ ጠበቃ ዘንድ ገብቶ ሰነድ እየገለበጠ ይማር ነበር፤ ጠበቃው ሥራ ሲበዛበት ልጁ ጸሐፊ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የትምህርት ቤቱ መሥራች ጠበቃው ታፒንግ ሪቭ በ1774 የሚስቱን ወንድም አሮን በርን በማስተማር ጀመረ፤ ተማሪው ሲበዛም በ1784 ከመኖሪያው አጠገብ ባለ አንድ ክፍል የእንጨት ቤት ሠራ። ሕጉን ውል፣ ባልና ሚስት፣ የክስ አቀራረብ እያለ በርእስ ከፋፍሎ ያስተምራል፤ ተማሪውም የሰማውን በችኮላ ይጽፍና፣ የተጠቀሱትን ፍርዶች ከመጻሕፍት አመሳክሮ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ወደ ወፍራም ጥራዝ ይገለብጠዋል። ትምህርት ቤቱ ዲግሪ አይሰጥም ነበርና፣ ከ14 ወር በኋላ ተማሪው ወደ አገሩ ይዞት የሚመለሰው ይህንኑ ጥራዝ ነበር፤ መጽሐፍ በማይገኝበት ስፍራ የሕግ ቤተ መጻሕፍቱም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዋቂ ተማሪዎቹን ይዘርዝሩልን።

መልስ፦ አሮን በር እና ጆን ካልሁን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የቀሩትን መዝገብ ይነግርዎታል።

አንድ አድማጭ፦ ባርነት በጎ ነገር ነው ብሎ የተከራከረውን ካልሁንን ያፈራ ቤት ምን ያስመሰግነዋል?

ሌላ አድማጭ፦ ወንድሜ፣ ሪቭ ራሱ እኮ በ1781 በማሳቹሴትስ ከቴዎዶር ሴድግዊክ ጋር ለኤልዛቤት ፍሪማን ጠበቃ ቆሞ ከባርነት ነፃ አስወጥቷታል።

የመጀመሪያው አድማጭ፦ ያ መምህሩን ያስመሰግናል እንጂ ትምህርት ቤቱን አይደለም።

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ክርክሩን በሌላ ጊዜ ቀጥሉበት።

ጥያቄ፦ ስለ ትምህርት ቤቱ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ የቱን?

ጥያቄ፦ ታዲያ የመጀመሪያው ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ የምን የመጀመሪያ?

ጥያቄ፦ ለምን ተዘጋ?

መልስ፦ ሪቭ በ1823 ሞተ፤ ከ1798 ጀምሮ አብሮት ያስተማረው ጄምስ ጉልድም ጤና አጣ። ሃርቫርድ በ1817 የሕግ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ዬልም ተከተለ፤ እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ስም ነበራቸው። ከ1826 ጀምሮ የሕግ ሊቁ የጄምስ ኬንት የአሜሪካ ሕግ ሐተታ መታተም ሲጀምር ደግሞ በእጅ የተገለበጠው ጥራዝ ዋጋው ቀነሰ። በ1833 ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ጥራዞቹን አንብቤ ሪቭ ያስተማረውን ቃል በቃል ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ጉልድ ተማሪው እንዲደርስበት ቀስ ብሎ እያነበበ ያስጽፍ ስለነበር የእርሱ ተማሪዎች ጥራዞች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ሪቭ ግን ሐሳብ ከሐሳብ እያነሣ፣ በኋላ ዘመኑም ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ ያስተምር ስለነበር፣ የእርሱን ትምህርት የያዘ ጥራዝ የሪቭን ያህል የጻፈው ተማሪ ሥራም ነው። ስለዚህ ከመጥቀስዎ በፊት ዓመቱንና መምህሩን ይለዩ፤ ቢያንስ ሁለት ጥራዝም ያስተያዩ።